ሦስት ቦታ የተወለደው ሰዓት ሠሪ

መጋረጃ ሰፊዋ ወደ መታወቂያ ቢሮ ስትወጣ ስፌቷን እንኳ ከመኪናው ላይ አላነሳችም። አሮጌውን መታወቂያ አስረክባ አዲሱን ልትቀበል፣ በመንገዷ ለአክስቷ የወገብ ቅባት ልትገዛ፣ ከዚያ ተመልሳ የጀመረችውን የሆቴል መጋረጃ ልትጨርስ ነበር ሐሳቧ። ችኮላዋ የልጇ ነገር ነው። ልጇ ድንበር ተሻግራ ካገባች ወዲህ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወሯ ገብቷል፤ "እማዬ፣ አንቺ ካልመጣሽ አልወልድም" እያለች ትደውላለች። እናትየውም "ያዝ አድርጊው እንግዲህ፣ መጣሁ" እያለች ታስቃታለች። መታወቂያ የሌለው ሰው ግን ይለፍ አይሰጠውም፤ ይለፍ የሌለው ደግሞ ድንበሩን በዓይኑም አያየውም።

ጸሐፊው ገና ወጣት ነው፤ ትሕትና አያንሰውም። ፋይሏን እያገላበጠ ቆየና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

"የአባትዎ የልደት ወረቀት፣ የአባት አገር የሚለው ቦታ ላይ 'ከውጭ' ይላል።"

"አዎ፣ አያቴ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ከውጭ ነው የመጡት።"

"ከየት?"

"ከውጭ ነዋ!"

"ውጭ እኮ ሰፊ ነው፣ እናቴ።"

አዲስ መመሪያ ወጥቷል። አያቱ ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ፣ አያቱ ከየት እንደመጣ በማስረጃ ካላሳየ መታወቂያው አይታደስም። እሷም "እሺ፣ አሮጌውን መልስልኝና አጣርቼ እመጣለሁ" አለች። ጸሐፊው መታወቂያዋን መሳቢያው ውስጥ ከቶ ዘጋው። "ጊዜው ያለፈበት ነው፤ እዚሁ ይቀመጣል" አላት። ከቢሮው ስትወጣ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ፣ ስትገባ አይቷት የነበረው፣ የመውጫ ፍተሻ ብሎ መታወቂያ ጠየቃት። መሳቅ ቃጣት፤ በጣቷ ወደ ጸሐፊው መሳቢያ ጠቆመችው።

የምትኖርበት ቤት የአያቷ ነው። ረጅምና ጠባብ፣ ክፍሎቹ እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠሉ። የፊተኛው ክፍል የስፌት ሱቋ ነው፤ መኪናዋ በአንዲት መስኮት ሥር ተቀምጣለች፤ መስኮቷም የጎረቤት ግድግዳ ተደቅኖባታል። የመጨረሻው ክፍል የአክስቷ ነው። አክስቷ የአያቷ የመጨረሻ ልጅ ናቸው፤ ከእሳቸው በቀር ሰዓት ሠሪውን በአካል የሚያውቅ ሰው በዚህ ቤት የቀረ የለም። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው መንገዳቸው። አፋቸው ግን እንደ ልብ ይሮጣል።

"እትዬ፣ አያቴ ከየት ነው የመጡት?" አለቻቸው ገና ከመግባቷ።

"ቅባቴስ?"

"ረሳሁት። ከየት ነው የመጡት?"

"ከቅባቱ ጋር ረስቼዋለሁ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መጋረጃ ሰፊዋ አልጋው ሥር ገብታ የቆርቆሮውን ሣጥን ጎትታ አወጣች። አክስቷ "ሰው ያረፈበትን ባታምሺው ምን አለበት!" ብለው ጮኹ፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የተቀደደ ጃንጥላ ነበረበት፣ የሰዓት ፊቶች፣ እጀታው የተሰበረ ጉጠት፣ ከሥር ደግሞ ወረቀቶቹ። የጋብቻው ወረቀት ሰዓት ሠሪው አንድ ደሴት ላይ ተወለደ ይላል። የሥራ ፈቃዱ ደግሞ ከተራራ በስተጀርባ ያለች ከተማ ውስጥ ይላል። የበኩር ልጁ ማለትም የአባቷ የልደት ምስክር ሲጻፍ 'ከውጭ' ብቻ ተብሎ ታልፏል። አክስቷ ሲወለዱ በተሰጠው ላይ ግን ሰውየው የበረሃ ልጅ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ለጸሐፊው ይዛለት ሄደች። እሱም ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ አንገቱን ነቀነቀ።

"ሦስት ቦታ የተወለደ ሰው አይቼ አላውቅም።"

"እኔም የመጀመሪያዬ ነው።"

"አንዱን መምረጥ የኔ ሥራ አይደለም። የሚያውቃቸው በሕይወት ያለ ሰው መጥቶ ይማል።"

ከእሱ ወጥታ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ገባች። አቧራ ስታራግፍ ውላ የአያቷን ስም ከነፊርማው አገኘችው። 'የትውልድ ቦታ' የሚለው አጠገብ በቀይ ቀለም "ተጣርቶ ይሞላ" የሚል ተጽፎበታል። ጽሑፉን የጻፈውም፣ ሊያጣራ የነበረውም፣ የሚጣራበትም ሰው ሁሉም ሞተዋል።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ኩርፊያ ገቡ። አክስትየው ምግብ ሲቀርብላቸው ይበላሉ፣ ሲጠየቁ ጣሪያ ያያሉ። ሆቴሉ በበኩሉ መጋረጃውን ቶሎ አምጪ እያለ ይጨቀጭቃታል። ዕቃው ሲገባ ማስረከቢያ ላይ መታወቂያ አሳዪ የሚል ደንብ ስላለ፣ ጨርሳ አጣጥፋው እንኳ ማድረስ አልቻለችም። ጥቅሉ የሱቋን ግማሽ ይዞ ተቀመጠ። በእሱና በመኪናዋ መካከል በጎኗ ነበር የምታልፈው። መንገድ ላይ ፖሊስ ባየች ቁጥር ሌባ የሆነች ይመስል ወደ ቅያስ ትታጠፋለች። ኋላ ኋላ ከቤት መውጣቱንም ተወችው።

አንድ ቀን ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። አማችዋ ነው። "እንኳን ደስ አለዎት፣ ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው" አላት። መጋረጃ ሰፊዋ እልል አለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን የሆቴሉ ጥቅል ላይ ተቀመጠችና፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ልቅሶዋን ለመደበቅ ያደረገችው ነገር አልረዳትም፤ ቤቱ ከጫፍ ጫፍ ያሰማል።

"ነይ እስቲ ወዲህ" አሉ አክስቷ ከውስጥ።

ሄዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"አባቴ እንዴት እንደሚናገር ሰምተሻል አይደል? አባትሽ ነግሮሻል?"

"ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጉ ነበር አሉ።"

"ፖሊሱን 'ጌታዬ፣ ነይ ግቢ' ይለው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በእሱ ይስቅ ነበር። እንግዳው ነበር የሚሉት። እድሜውን ሙሉ እዚህ ኖሮ አማርኛ አልገባ አለው እያሉ።" አክስትየው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "ሊሞት ሲያጣጥር እኔ ነበርኩ ያስታመምኩት። ትኩሳቱ ሲበረታበት መናገር ጀመረ። ወንዱም ወንድ፣ ሴቱም ሴት ሆነች። እንደ ወንዝ ማዶ ሰዎች፣ ልክ እንደነሱ፣ ቃሉን ሳብ እያደረገ። 'እናቴን ጥሩልኝ፣ ድልድዩን ተሻገሩና ጥሩልኝ' አለ።"

"የትኛውን ድልድይ?"

"ስንት ድልድይ አለን? ይሄንኑ ነዋ!"

ድልድዩ ከቤታቸው የአንድ ዘፈን ያህል መንገድ ነው።

አክስትየው ከዚያ በኋላ የሚያውቁትን ሁሉ ዘረገፉት። ያኔ ጦርነት ነበር። ወታደሮች ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወስዳሉ፤ የውጭ ሰው ግን አይነኩም። ሰዓት ሠሪው የቤቱ ትልቅ ልጅ ስለነበር ስሙ ተጠራ። ተጠራና ጠፋ። ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ከነጋዴዎች ጋር ተቀላቅሎ፣ አፉ የማይፈታ የውጭ ሰው ሆኖ መጣ። ከእናቱ ርቆ መኖር አቃተው፤ እናቱ ጋ መድረስም አልቻለም። ከወንዙ ወዲህ ሱቅ ከፈተና አንገቱን ደፍቶ ሰዓት ይፈታ ጀመር። አገሩን በጠየቁት ቁጥር አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል፤ ውሸት የለመደ ሰው ስላልነበረ ያለፈውን ጊዜ ምን እንዳለ አያስታውስም።

"እኔን ልጅ ሆኜ ይልከኝ ነበር" አሉ አክስትየው። "ሳሙናና ስኳር አስይዞ። 'ከማን ነው ካለችሽ፣ ከአንድ የውጭ ሰው በያት' ይለኛል። የገመድ ሠሪዎቹ ቤት ይባላል፣ ከታንኳው መቆሚያ ወደ ላይ። አሮጊቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ጆሮዬን ይዛ እያሻሸች ታየኛለች፤ ምንም ሳትል ትሸኘኛለች።"

የዚህ ቤት ሰው ጆሮ ከሩቅ ይታወቃል፤ ሰፊና ወደ ፊት የዞረ ነው። መጋረጃ ሰፊዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በሻሽ ነው የምትሸፍነው።

"ታዲያ እዚሁ ተወልደው! እዚሁ ከሆነማ ነገሩ አለቀ!" ብላ ብድግ አለች።

ጸሐፊውን ግን የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስላ ነበር የጠየቀችው። "ለምሳሌ፣ የውጭ ነኝ ያለ ሰው የአገር ልጅ ሆኖ ቢገኝስ?" ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። "እንግዲያማ ሁሉም ወረቀቶች ሐሰት ናቸው ማለት ነው። የልጁ ልደት ይሰረዛል። የልጅ ልጁም ይከተላል፤ ከዚያም የሱ ልጅ። እውነተኛ ዘመዶቹ መጥተው 'የኛ ናቸው' ብለው ካልፈረሙላቸው በቀር ማናቸው ብዬ እጽፋቸዋለሁ?"

ስለዚህ ሜትሯን ኪሷ ከታ ድልድዩን ተሻገረች።

የገመድ ሠሪዎቹ ቤት አሁንም አለ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ገመድ እየፈተሉ ነበር። ቀና ሲሉ ጆሯቸውን አየችው። ሻሿን ወደ ታች ሳበች።

"መጋረጃ ሰፊ ነኝ፣ አባባ። የሚያሠራ ሰው ካለ ብዬ ነው።"

"የላከሽ መልአክ ነው! ይቺ ፀሐይ ከሰዓት ዓይኔን ልታጠፋው ነው" አሉ ሽማግሌው። "ግቢ፣ ግቢ፣ ለኪ።"

መስኮቱ ወንዙን ያያል። ከወንዙ ባሻገር፣ ጣሪያዎቹ መካከል፣ የአያቷ ቤት ጭስ ማውጫ ይታያል። ሜትሩን ዘረጋች፤ የለካችው ስለጠፋባት ደግማ መለካት ነበረባት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፎቶ አለ። ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ የሚሰፋው የወታደር ኮት ውስጥ ገብቶ፣ ቆብ ግንባሩን ውጦታል።

"ልጅዎ ነው?"

"አጎቴ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም። እኔ አላየሁትም፤ ከሄደበት አልተመለሰም።" ሽማግሌው ገመዳቸውን አስቀመጡ። "እሱ አልነበረም የተጠራው። ታላቁ ነው የተጠራው። ታላቁ ሲኮበልል ወታደሮቹ ባዶ እጃችንን አንመለስም ብለው ይሄን ሕፃን ወሰዱት።"

መጋረጃ ሰፊዋ ሜትሯን ጥቅልል አድርጋ ጨበጠች። ይሄን አክስቷ አልነገሯትም። ወይ አያውቁትም፣ ወይ ሊናገሩት አልቻሉም።

"ታላቅየውስ የት ደረሰ?"

"እሱን እዚህ ቤት አናነሳውም። አያቴ እስክትሞት ደጃፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። የትኛውን ልጇን ነበር የምትጠብቀው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።" ከዚያ ድንገት ፊታቸው ፈካ አለ። "የሰው ነገር! ከወዲያ ማዶ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር፣ ስኳር ይልክላት ነበር። አያውቃት፣ አታውቀው። የራሷ ልጅ ሲከዳት ባዳው አስታወሳት።"

"ምናልባት... ታላቅየው ተጸጽቶ መጥቶ ቢሆንስ ኖሮ?"

"ይቺን ደፍ አይረግጣትም ነበር" አሉ ሽማግሌው፤ በቁጣ አልነበረም፤ የታወቀ ነገር እንደሚናገር ሰው ነበር። "ዘሩም ቢመጣ እንደዚያው ነው።" ቀና ብለው አዩዋትና ሳቅ አሉ። "ምነው ደነገጥሽ? አንቺን አይመለከት! ደግሞ ከሻሽሽ ሥር የማየው ጆሮ ነው ወይስ ዓይኔ ነው? የኛን ቤት ጆሮ ጉድ አድርጎ የፈጠረው እግዜር አንቺንም አልማረሽም!"

እሷም ሳቀች። ምን ታድርግ። "ቀለሙ ምን ይሁን?" ብላ ጠየቀች፤ ጠቆር ያለ ይሁን አሉ።

ድልድዩ መሐል ስትደርስ ቆመች። ወደ ኋላ ብትመለስ እውነቱን ትናገራለች፤ ሽማግሌው ፊታቸውን ያዞሩባታል፤ የሕፃኑ ወታደር ፎቶ ካለበት ቤት የሚፈርምላት አይኖርም። ወደ ፊት ብትሄድ መታወቂያ የሌላት ሴት ናት። አያቷ ስንት ጊዜ እዚህ ቆሞ ይሆን አለች በልቧ። ከሁለቱም ዳር ሰው ይመጣል፤ እየገፏት ያልፋሉ። ፖሊስ ስታይ ተንቀሳቀሰች።

ቤት ገብታ ሁሉንም ለአክስቷ ነገረቻቸው። አክስትየው የልጁን ፎቶ ነገር ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ታዲያ ለዚህ ነው በትኩሳቱ ጊዜ 'እኔ ልሂድ፣ ልጁን ተዉት' ሲል የነበረው" አሉ። ከዚያ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና "ሣጥኑን አምጪ" አሉ። "ከሦስቱ አንዱን እንመርጣለን።"

"እትዬ፣ በሐሰት ሊምሉ?"

"አባቴ የኖረበትን ነው የምምለው። ደሴቱ ይሁን። ተራራም በረሃም ሰው ሄዶ ይጠይቃል፤ ባሕር ተሻግሮ የሰዓት ሠሪ ዘር የሚያጣራ የመንግሥት ሠራተኛ የለም።"

በታክሲ ጭና ወሰደቻቸው። አክስትየው ከቤት ከወጡ ብዙ ጊዜያቸው ስለነበር መንገዱን ሁሉ ሕንፃ እየቆጠሩ "ይሄ ደግሞ መቼ በቀለ?" ይሉ ነበር። ቢሮው ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ገቡ።

"አባትዎ የት ተወለዱ?" አለ ጸሐፊው።

"ደሴቱ ላይ።"

"በምን ያውቃሉ?"

"አባቴ አይደለም እንዴ? አንተ ያንተን በምን ታውቃለህ?"

ጸሐፊው ጆሮውን አከከ። "የደሴቱን ቋንቋ ይናገሩ ነበር?"

"ሲቆጣ ብቻ።"

"ምን ይሉ ነበር?"

"ለመንግሥት ቢሮ የሚሆን ቃል አይደለም፣ ልጄ።"

ከጎን የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ ጸሐፊውም ሳቀና ማኅተሙን አነሳ። አክስትየው ቀኝ እጃቸውን አንስተው ማሉ። መጋረጃ ሰፊዋ ያንን እጅ ሳታስበው ከሥር ደግፋ ይዛ ነበር፤ ስለዚህ የማሉት ሁለቱም ሆኑ።

አዲሱ መታወቂያ ወጣ። ስሟ፣ ፎቶዋ፣ ከሥር ደግሞ "የውጭ ዝርያ" የሚል መስመር አለበት። በየዓመቱ ይታደሳል። የሚሰጣትም ይለፍ አጭር ነው፤ ከተሰጣት ቀን ካሳለፈች መመለሻውን ቢሮው ያስብበታል ተባለች። "ቢያስብበትና ባይፈቅድስ?" አለች። ጸሐፊው በሐዘኔታ አያት። "የውጭ ዝርያ ነዎት እኮ" አላት፣ የምትሄድበት ያላት ይመስል።

የሆቴሉን ጥቅል አስረከበች፤ ሱቋ ተነፈሰ። ከመሄዷ በፊት የሽማግሌውን መጋረጃ ሰፍታ አደረሰች። ወንበር ላይ ቆማ ስትሰቅል ሽማግሌው ከታች ቀለበቱን እያቀበሉ፣ እሷን ደግሞ እንዳትወድቅ በቀሚሷ ጫፍ ይዘው ነበር። "አደራ፣ ቀስ፣ ቀስ" ይላሉ። አባቷም እንዲህ ነበር የሚይዛት። መጋረጃው ሲወርድ ክፍሉ ጨለም አለ፤ ወንዙም ማዶውም ጠፉ።

"እዚህ አገር ዘመድ አለሽ?" አሏት።

አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ፎቶውን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ መልሳ ምላሷን ነከሰች።

"የለኝም፣ አባባ። አያቴ ከደሴት ነው የመጡት።"

"አይዞሽ። ሰው ለሰው መቼም ባዳ አይሆንም" አሉ። ደጃፉ ድረስ ሸኟት። ድልድዩን ጨርሳ እስክትሻገር ድረስ ዞር አላለችም።

አክስቷን ለጎረቤቷ ልብስ አጣቢ አደራ ሰጥታ ድንበሩን አለፈች። የልጇ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ብርሃን የሞላበት። ሕፃኗን ታቅፋ ስትገልጣት ጆሮዎቹ ከጨርቁ ውስጥ ብቅ አሉ፤ ሰፊ፣ ወደ ፊት የዞሩ። በአንጀቷ ሳመቻት። ሁሉን ልትናገር ፈልጋ ነበር የመጣችው፤ በባቡሩ ላይ ቃሉን ስታደራጅ ነው የዋለችው።

"እማዬ፣ በስንት ጭንቅ አገኘሽው አይደል?" አለች ልጇ። "ታዲያ ቅድመ አያቴ ከየት ሆኑ በመጨረሻ?"

አማችዋ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የሕፃኗን የልደት ማመልከቻ ይሞላል። የሚስቱ መታወቂያ አጠገቡ ነው። መታወቂያው የተሠራው ከመጋረጃ ሰፊዋ መታወቂያ ነው፤ የእሷም ከአባቷ፤ የአባቷም ከዚያ ከሰዓት ሠሪው። አንዱን ክር ብትስበው የሚተረተረው ይቺ እቅፏ ውስጥ ያለች ጋ ደርሶ ነው። ልጇ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች።

"ከደሴቱ" አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

"ሰማሽ፣ የኔ ደሴተኛ?" አለች ልጇ ሕፃኗን በጣቷ ነካ እያደረገች። "ባሕርተኛ ነሽ አንቺ!"

አማችዋ ብዕሩን እንደያዘ ቀና አለ። የደሴቱን ስም ግማሽ ድረስ ጽፎ ነበር።

"ይቅርታ፣ እማማ፤ ይሄ 'ሰ' በንጉሡ ነው በእሳቱ የሚጻፈው?"

መጋረጃ ሰፊዋ የሕፃኗን ጨርቅ ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ጆሮዋን ሸፈነችላት።

"በየትኛውም ያስኬዳል፣ ልጄ" አለችው። "ጻፈው።"